እስከ ሠላሳ ድረስ ጊዜ አላችሁ

የእንደራሴው ደብዳቤ ዓርብ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ዓርብ ታጥፎ አያውቅም። እንደራሴው አልጋ ላይ በዋሉበት ሳምንት ወጥቷል፤ ምክር ቤቱ ለዕረፍት በተበተነበት ሳምንት ወጥቷል፤ የቢሮው ጣሪያ አፍስሶ ኮምፒውተሮቹ ውኃ በጠጡበት ሳምንት እንኳ ጸሐፊዋ ፎቶ ኮፒ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ አውጥታዋለች። ዘጠኝ ሺህ ሰው በስልኩ ያገኘዋል። ስልክ ለሌለው ደግሞ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በየጤና ጣቢያውና በየሱቁ በር ላይ ይለጠፋል።

ደብዳቤው «ውድ መራጮቼ» ብሎ በእንደራሴው አፍ ይጀምር እንጂ ቃሉ የእሷ ነው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አራት ነጥብ» ነው የሚሏት። ይህን ያወጣላት ስልክ ተቀባዩ ጋሽ ሀሎ ነው። አንድ ቀን ሻይ እንጠጣ ብሎ ሲጠራት «አንዴ አራት ነጥቡን ላድርግ» ብላ ሩብ ሰዓት በር ላይ ገተረችው፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እናቷ ያወጣችላት ስም ቀረ። የእሱም ቢሆን ከሥራው የመጣ ነው። ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ እንኳ «ሀሎ?» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ መስመሩ እንዳይቆረጥበት የሚሰጋ ይመስል።

አራት ነጥብ ለደብዳቤው አዲስ ገጽ ከፍታ አታውቅም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያለፈውን ሳምንት ደብዳቤ ትከፍትና በላዩ ላይ ትጽፋለች። የተለወጠውን ትለውጣለች፤ ያልተለወጠው ባለበት ይቀራል። መካከሉ ላይ እንደራሴው በሳምንቱ የሰጧቸው ድምፆች ይገባሉ፦ ይህን ደገፍኩ፣ ያንን ተቃወምኩ፣ ምክንያቴ ይህ ነው። ክርክር የተነሣበት ጉዳይ አንድ በአንድ ይጻፋል። ክርክር ያልነበረበትና ምክር ቤቱ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ እጅ ያወጣበት ግን «ሌሎች ዐሥራ ሁለት ጉዳዮች በጥቅል ጸድቀዋል» ተብሎ ይታለፋል። ጥቅሉን ፈትቶ የሚያነብ የለም። እሷም አታነብም ነበር። ከዚያ ሥር የጤና መድን ምዝገባው አለ፦ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ሰው ካርዱን አሳደሰ፣ ይህን ያህል ቀረ። ከቁጥሩ በታች ደግሞ ለሳምንታት ፊደል ያልተነካባቸው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ።

«ለምዝገባው እስከ ወሩ ሠላሳ ድረስ ጊዜ አላችሁ፤ ሰልፉ እስኪቀል ብትጠብቁ አይጎዳችሁም። ከዚህ የተለየ ቀን የሚነግር መልእክት ቢደርሳችሁ የአጭበርባሪ ነውና አጥፉት።»

ሁለተኛውን የጨመረችው ሌቦች የውሸት ቀን እየላኩ የሰው ካርድ ቁጥር መልቀም በጀመሩ ጊዜ ነው። ሰው በስልክ እየደወለ አመስግኗት ስለነበር ትንሽ ኮርታበታለች።

ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ለሦስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ሀሎ ከጠረጴዛው ሆኖ ተጣራ።

«አራት ነጥብ! አንዲት ሴትዮ መስመር ላይ ናት። መዝጋቢ ቢሮ ሄጄ ‹ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዓመት ነው› አሉኝ ትላለች። አጭበርባሪ ናቸው ልበላት?»

«በላት። ጭራሽ ቢሮ ተከራይተው ማጭበርበር ጀመሩ?»

ጋሽ ሀሎ ሣቀ። እሷም ሣቀች። ከዚያ ሣቋ ቆመ። በመንግሥት ቢሮ መስኮት ተቀምጦ የሚያጭበረብር ሌባ ሰምታ አታውቅም።

የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ከፈተች። ያለፈው ሳምንት ውስጥ ምንም የለም። ካለፈው በፊት የነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ጥቅሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታችው። አንደኛ፣ የአንድ ድልድይ ስም መለወጥ። ሁለተኛ፣ ስለ ሚዛን ቁጥጥር። ጣቷን እያወረደች ሰባተኛው ላይ ደረሰች። «የጤና መድን ምዝገባ ማብቂያ ከወሩ ሠላሳ ወደ ወሩ ሃያ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንዲሆን የቀረበ ማሻሻያ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።»

ክው አለች። ቀኑን ለማየት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ቀና ብላ አየች፤ ሃያ መሆኑን እያወቀች ነው ያየችው። ከማሻሻያው በኋላ ሁለት ደብዳቤ ወጥቷል። ሁለቱም እስከ ሠላሳ ድረስ ጊዜ አላችሁ ብለዋል። ሁለቱም አጥፉት ብለዋል። የዛሬውም ተዘጋጅቶ፣ እንደራሴው በቀይ እስክሪብቶ ምልክታቸውን አድርገውበት፣ አራት ሰዓትን እየጠበቀ ነው።

ዘጠኝ ሺህ ሰው ወደ አእምሮዋ ሊመጣ ይገባ ነበር። የመጣችው ግን እህቷ ብቻ ነበረች።

ታላቅ እህቷ እቤቷ ሆና የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። የልቧ በር አልገጥም ብሎ ሐኪሞቹ በሚቀጥለው ወር በስምንተኛው ቀን ሊከፍቷት ቀጠሮ ይዘዋል። «አዲሱን የመድን ካርድ ይዘው ይምጡ፤ ያለሱ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገቡም» ብለዋታል። ባለፈው እሑድ «እትዬ፣ ሂጂና ተመዝገቢ እንጂ» ስትላት፣ እህቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ሰልፉ እስኪቀል ጠብቁ ብለሽ የለም እንዴ? እኔ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ልሙትልሽ? ደብዳቤሽን አነባለሁ እኮ» አለቻት። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። እህቷ ከመላው ቤተሰብ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው የምታነብ ብቸኛ ሰው ናት።

ደወለች። ይጠራል፤ አይነሣም። እህቷ የስፌት መኪናው ላይ ስትቀመጥ ስልኳን የልብስ ቁልፍ ማኖሪያ ቆርቆሮ ውስጥ ከታ ክዳኑን ትገጥማለች። አሁንም ደወለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነገር ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች። ደብዳቤውን ከፍታ «ሠላሳ» የሚለውን አጥፍታ «ሃያ» ብላ ጻፈች። ዝም ብሎ ቢወጣ ማን ያየዋል? ስምንት ዓመት ያልተሳሳተች ሴት ዛሬም አልተሳሳተችም ማለት ነው። አነበበችው፤ ከሥሩ ያለውንም አነበበች። ከዚህ የተለየ ቀን የሚነግር መልእክት ቢደርሳችሁ። እንደዚህ ተብሎ ለተነገረው ሰው ቀኑን ለውጦ የሚመጣ ደብዳቤ ራሱ የሌባ ደብዳቤ ነው። ዐረፍተ ነገሩን አወጣችው፣ መለሰችው፣ አለዘበችው፣ ገለበጠችው። ሰዓቱን ስታይ አርባ ደቂቃ አልፏል። እንደራሴው በቀይ ምልክት ካደረጉበት በኋላ ደግሞ አንዲት ፊደል ያለ እሳቸው አትነካም፤ ይህ የቢሮው ሕግ ነው።

«ጋሽ ሀሎ፣ ለደወለ ሁሉ ዛሬ ነው በል።»

«ምኑ?»

«ምዝገባው። ዛሬ ያበቃል።»

ጋሽ ሀሎ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «አራት ነጥብ፣ ጠዋት ለሃያ ሰው ሌቦች ናቸው ብያለሁ እኮ።»

ቃለ ጉባኤውን ይዛ ወጣች።

አዳራሹ ከመንገዱ ማዶ ነው። አባላቱ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ባለው ባለ ቁጥር የእንጨት መደርደሪያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እንደራሴው ሃምሳ ሦስት ቁጥር ናቸው። ስልካቸው መደርደሪያው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አይታ ደነገጠች፤ የምትደውለው ራሷ ነበረች። በአዳራሹ አስተናጋጅ እጅ «ጋሼ፣ አስቸኳይ፣ ስለ መድኑ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ላከች። ወረቀቱ «በዕረፍት ሰዓት» የሚል ቃል ተጨምሮበት ተመለሰ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ሰው ናቸው። ከመመረጣቸው በፊት ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ከመራጮቻቸው ግማሹ ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ እየተቆጡት ያደገ ነው።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል። ደብዳቤው ወጣ?»

«አልወጣም።» ቃለ ጉባኤውን ሰጠቻቸው።

አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠርገው እንደገና አነበቡ።

«ይህን ማን ደገፈው?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«ሁላችሁም። ጥቅሉ ውስጥ ሰባተኛ ነው።»

«የድልድዩ ስም ያለበት ጥቅል?»

«እሱ።»

«ለምሳ ስንወጣ እኮ ነው ያጸደቅነው!» አሉ፤ ራሳቸውን ይክሰሱ ወይም ይከላከሉ አልለየም። «ሰው ሁሉ በአንድ እጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በአንዱ እጁ ነው ድምፅ የሰጠው።» ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን አወረዱ። «ማን ያውቃል?»

«የመዝጋቢው ቢሮ ያውቃል። ሕዝቡ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ እስከ ሠላሳ ብዬ ጽፌያለሁ። ቃለ ጉባኤውን ሳላነብ።»

«እኔም አንብቤ ምልክት አድርጌያለሁ።»

«አድርገዋል።»

ትልቅ ሰው ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር። የእንደራሴው የአንገት ጅማት ተነሣ።

«ቀኑን ለውጪና ላኪው። ምክር ቤቱ አሳጠረ በይ። የእኔን ድምፅ ተይው።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት ጋሼ። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ‹እንዲህ ብዬ ድምፅ ሰጠሁ› እያልን ዛሬ ስንዘል ሰው አይጠይቅም? ደግሞስ ማን ያምነናል? የተለየ ቀን ከመጣ አጥፉት ያልነው እኛው ነን።»

«ለምርጫው ሰባት ሳምንት ነው የቀረው፤ ‹ሳላነብ እጄን አወጣሁ› ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«ቆይ። መጀመሪያ ቀኑን ማስረዘም ይቻል እንደሆነ ልሞክር። የመድን ቢሮው ኃላፊ ተማሪዬ ነበር።»

ተማሪያቸው የነበረው ሰው በአክብሮት አነጋገራቸው። አጠገባቸው ቆማ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። «ጌታዬ፣ ሕጉን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ በሩን ነው የምዘጋው።»

«አፈ ጉባኤውን ላናግር» ብለው ገቡ። ከአፈ ጉባኤው ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢው ወደ ሕግ አማካሪው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። እሷ ቀኑ ከተራዘመ ደብዳቤውን ወዲያው ለመላክ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ በየዐሥር ደቂቃው ለእህቷ ትደውላለች። ቆርቆሮው ውስጥ ስልኩ በቁልፎች መካከል ሲርገበገብ፣ መኪናውም ከላዩ ሲጮህ ይታያታል። ደግሞ ሌላ ነገር ይታያታል፦ በስምንተኛው ቀን ጠዋት እህቷ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ካርዱስ?» ሲላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማየት እምቢ ብላ ዓይኗን ወለሉ ላይ ትተክላለች። የወለሉን ንጣፎች ቆጠረቻቸው። አንድ መቶ አራት ናቸው።

ጋሽ ሀሎ ደወለ። «ሀሎ? አራት ነጥብ፣ ለሰው ዛሬ ነው ስል ‹ሌባ› ብለው ሰደቡኝ። አንዱማ ‹የእንደራሴውን ስልክ ሰርቀህ ነው› አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ስልክ ላይ ስቀመጥ ሌባ ተብዬ አላውቅም።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እንደራሴው ተመለሱ። ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገውታል። «አልሆነም» አሉ።

«ጋሼ፣ እህቴ በሚቀጥለው ወር ልቧን ልትቀደድ ነው። አልተመዘገበችም። ደብዳቤዬን አምና ነው ያልተመዘገበችው። ስልክ አታነሣም።»

እንደራሴው አዩአት። ከጠዋት ጀምሮ ያላዩትን ነገር ያዩ ይመስል ፊታቸው ተለወጠ።

«ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ስለ ዘጠኝ ሺህ ሰው እያወራን አይደለም እንዴ?»

«ዘጠኝ ሺህ ሰው ለእኔ ቁጥር ነው» አሉ፤ ወዲያውም በተናገሩት አፍረው አንገታቸውን ደፉ። «ምን እናድርግ በይ?»

«ይናገሩ። በጽሑፍ ማንም አያምነንም። እርስዎን ግን በአነጋገርዎ ያውቁዎታል፤ ተቆጥተዋቸው ነው ያደጉት።»

ጸጥ ያለ ቦታ ፍለጋ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የእንደራሴው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ገቡና መስኮቱን ዘጉ። ስልኳን ከአፋቸው ሥር ያዘችላቸው። መጀመሪያ «የተከበራችሁ መራጮቼ፣ በምክር ቤታችን የአሠራር ሥነ ሥርዓት መሠረት» ብለው ጀመሩ። አጠፋችው። «ጋሼ፣ እንደ ሰው ይናገሩ።» ሁለተኛው ላይ ሳል ያዛቸው። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጆች፣ እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱ በር ሁለት ሰዓት ላይ ሲዘጋ ትዝ ይላችኋል? የጤና መድን ምዝገባውም ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቀኑ እንዲያጥር ሲወሰን እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ሳላነብ ነው ያወጣሁት። ከዚያ ደግሞ እስከ ሠላሳ ጊዜ አላችሁ ብዬ ላኩባችሁ፤ ሌላ የሚነግራችሁን አትመኑ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን የያዛችሁትን አስቀምጡና ሂዱ። ሩጡ።»

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ» አለች መቅረጫውን ካጠፋች በኋላ።

«በስሜ ነው የወጣው።» የመኪናውን በር ከፈቱላት። «ላኪው። ሐሳቤን ሳልለውጥ ላኪው።»

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ። እሷ ያኔ ታክሲ ውስጥ ነበረች።

እህቷ ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እህቷ አረንጓዴ የመጋረጃ ጨርቅ ጭኗ ላይ ቆልላ ቀና አለች። ከንፈሯ ላይ እንደተለመደው ሰማያዊ ጣል ብሎበታል።

«ሚጣ! ምነው በሥራ ሰዓት? ተባረርሽ እንዴ?» አርባ አንድ ዓመት ቢሞላትም ለእህቷ እስከ ዛሬ ሚጣ ናት።

«ስልክሽን አታነሺም እትዬ?»

«አሁን ውኃ ልጠጣ ስነሣ አየሁት። ሃያ ጊዜ ደውለሻል። ልደውልልሽ ስል የሰውዬሽ መልእክት ገባ።»

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት እንጂ! እንዴት አስመስለውታል ባክሽ፣ ድምፁ ራሱ! አሁን ማሽን ነው አሉ እንዲህ የሚያስመስለው። አጠፋሁት። ባለፈውም ሁለቴ ከመድን ቢሮ ነው ብለው ሲልኩብኝ አጥፍቻለሁ፤ እኔን እንኳ አይበሉኝም፣ ደብዳቤሽን...»

«እትዬ፣ እውነት ነው።»

«አንቺንም አስመስለው እንዳይሆን የላኩሽ?» ብላ ሣቀች። ከዚያ የታናሽ እህቷን ፊት አየች። መኪናዋ እግሯ ሥር ቀስ ብሎ ቆመ።

ፎቶ፣ አሮጌ ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀት። እህቷ የምታስቀምጥበትን ረሳች፤ ፍራሹን ገለበጡ፣ የጨርቅ ክምሩን በተኑ። መጨረሻ ላይ መጋረጃው ሥር ተገኘ። ፎቶዎቹን አራት ነጥብ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ታክሲ የሚያዘው ዳገቱን ወጥቶ ነው። እህቷ በየሃያ እርምጃው ትቆማለች፣ ግድግዳ ትደገፋለች፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ እዚሁ ገድለሽኝ ካርዱ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። በእጇ የያዘችው የእህቷ ክንድ ውስጥ የደም ሥሯ እንደ ተያዘች ወፍ ይንፈራገጥባታል። ሰዓቷን ላለማየት ወሰነች፤ በየእርምጃው ግን ታያለች።

መዝጋቢው ቢሮ ሲደርሱ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሰልፉ ከብረቱ በር ጀምሮ ግንቡን ተከትሎ ታጥፏል። የእንደራሴውን ቃል ሰምቶ የመጣው ብዙ ነው፤ ሽርጡን ሳይፈታ የመጣ ሥጋ ሻጭ፣ ፀጉሯ በግማሽ ተሠርቶ በግማሽ የተንጨባረረ ሴት። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ደጋግሞ ይጮሃል፦ «ዐሥራ አንድ ሲል እዘጋለሁ! ግቢ የገባ ይስተናገዳል፣ ውጪ የቀረ ቀረ! እኔን አትለምኑኝ፣ እኔ በር ነኝ!»

ሰልፉ ይሄዳል፣ ይቆማል። ዐሥር ሰዓት ተኩል። ዐሥር ከአርባ። ከፊታቸው አንድ ግንበኛ ቆሟል፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሏል። ለዐሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ላይ፣ አምስት ሰው እንደገባ እህቷ ጉልበቷ ከዳትና ግንቡ ሥር ቁጢጥ አለች። ግንበኛው ዞሮ አየ።

«እናቴ፣ ምነው? ውኃ ላምጣልዎት?»

«ልቤ ነው ልጄ። ያልፋል።»

ግንበኛው ወደ በሩ አየ፤ እንደገና እህቷን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቶ ዘረጋና ወደ አራት ነጥብ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ የተማርሽ ትመስያለሽ። ይኸ ሰው ሁሉ ዛሬ ያበቃል እያለ ይተራመሳል። እኔ ስልኬ ጭቃ ውስጥ ከገባ ሳምንቱ ነው፤ በዚህ ሳልፍ ሰልፍ አይቼ ነው ባለቤቴን ላስመዝግብ ብዬ የቆምኩ፤ ስኳር አለባት። ግን ይኸው፣ ከጤና ጣቢያው በር የወሰድኩት ነው፣ ማኅተምም አለው። እስከ ሠላሳ አይደለም የሚለው?»

የራሷን ዐረፍተ ነገር አየችው። ነጠላ ሠረዙ በቦታው ነው፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። ዘበኛው የበሩን አንድ ክንፍ መግፋት ጀምሯል። ከግንበኛው ፊት ሦስት ሰው አለ። እህቷ ግንቡ ሥር ቁጭ ብላ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ይሰማታል።

«ይላል» አለች።

«በቃ። እኔስ ወሬ እንደሆነ ገብቶኛል።» ግንበኛው ጎንበስ ብሎ እህቷን ብብቷን ይዞ አነሣት። «ይግቡ እናቴ፣ በእኔ ቦታ። እኔ ጊዜ አለኝ፤ ሰኞም እመጣለሁ።»

«ተባረክ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለች እህቷ።

አንድ ሰው ገባ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እህቷ ገባች። ዘበኛው ሰዓቱን አየና ክንዱን በአራት ነጥብ ደረት ፊት ዘረጋ፤ «አጃቢ ነኝ» ልትል አፏን ስትከፍት የብረቱ በር ተገጠመ። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ከኋላዋ ያለው ሰው በአንድ ላይ ተነፈሰ፤ ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ጠዋት ያባከነችው አርባ ደቂቃ፣ አዳራሹ ውስጥ የባከነው ሦስት ሰዓት፣ አሁን ግንቡን ተደግፎ የቆመ ሰው ሆኖ አየችው። ሃምሳ ይሆናል። ስልሳም ይሆናል።

ግንበኛው ብቻ አልጮኸም። ወረቀቱን በጥንቃቄ በእጥፋቱ መልሶ ኪሱ ሊከተው ነው። ዞር ብሎ መሄድ ይበቃት ነበር። ማንም አያውቃትም። እንደራሴው እንኳ ስሟን አላነሡም።

«ወንድሜ» አለችው። ስላልሰማት ደገመችው። «ወንድሜ፣ ዛሬ ነው ያበቃው። ሰኞ የለም።»

«አሁን ይላል አላልሽኝም?»

«ወረቀቱ ይላል። ወረቀቱ ስሕተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ላይ የመጣው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። በሩን አየ። በብረቱ መካከል እህቷን አየ፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። ብዙ ጊዜ አየ።

«ይላል አልሽኝ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«አልኩህ።»

«ሚጣ!» እህቷ ከውስጥ ተጣራች። «ሚጣ፣ ፎቶውን! ፎቶው አንቺ ጋ ነው፣ ተራዬ ደረሰ!»

ወደ በሩ ሄደች። ቦርሳዋን በርብራ ፎቶዎቹን በብረቶቹ መካከል አሾለከች፤ የእህቷ ቀዝቃዛ ጣቶች ተቀበሏት።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«አንቺ ጨርሺ እትዬ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ስትዞር ግንበኛው አልሄደም። ሌሎችም ሰምተው ኖሮ እየተጠጉ ነው፤ ባለ ሽርጡ ሥጋ ሻጭ ከፊት ነው። ልቧ እንደ እህቷ ልብ ይመታ ጀመር። ከቦርሳዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች፣ የተጻፈበትን ሁሉ አልፋ ባዶ ገጽ ላይ ከፈተች። ለግንበኛው መጀመሪያ የራሷን ስም ነገረችው፣ ከነአባቷ፤ ስምንት ዓመት ማንም ያልጠራትን።

«የባለቤትህ ስም ማን ነው?» አለችው።

«ምን ልታደርጊው? ሌላ ደብዳቤ ልትጽፊበት?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አኖረች። «አላውቅም። ግን ንገረኝ።»